ቦርደዴ ላይ ቁልቁለት የለም

ጭሮ የተቆረቆረችው ለእኔ መኪና ታስቦ ነው ብል የከተማ ፕላን የሚያወጡት ሰዎች ቅር ይላቸው ይሆናል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ከተማችን ቁልቁለት ሞልቷታል። ቤቴ ቁልቁለት ላይ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት ሱቄም ቁልቁለት ላይ ናት። የምጠጣው ሻይ ቀጥኖ ቀጥኖ የብርጭቆውን ማጠቢያ የመሰለ ቢሆንም፣ የሻይ ቤቱ ደጅ ለሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ታች ስለሚወርድ የዘወትር ደንበኛ ነኝ። ሐኪም እንኳ የምመርጠው በደጁ አቀማመጥ ነው። አንድ ጊዜ ጥርሴን አሞኝ እጁ ወርቅ ነው የተባለ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ክሊኒኩ ሜዳ ላይ መሆኑን ሳይ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ጉንጬን እንደያዝኩ ተመለስኩ። በኋላ የነቀለልኝ ሌላው ሐኪም ነው። የነቀለውም ደህናውን ነው። ግን ከዚያ ስወጣ መኪናዬ ገና ፍሬኑን ስለቅላት ተንደርድራ ተነሣች፤ ሰው ሁሉን ነገር አያገኝም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ሞተሪኖ ነው። ለማታውቁት፣ ሞተሪኖ ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ዕቃ ነው። የእኔ ቮልስ ሞተሪኖ ግን ለራሱም ቀስቃሽ ይፈልጋል። መኪናዋ በዕድሜ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በሥርዓት ባደግንበት አገር “እርስዎ” ልላት ይገባኝ ነበር። ቁልፉን ሳዞር ደስ ካላት ትነሣለች። ካላሰኛት “ጠቅ” ትልና ዝም ትላለች፤ ብድር ጠያቂ በር ሲያንኳኳ ዘግቶ እንደተቀመጠ ሰው። ያኔ ወይ ቁልቁለት ነው፣ ወይ ግፊት ነው።

መካኒኬ ጃፈር አንድ ቀን አዲስ ዓይነት ሞተሪኖ ይዞልኝ መጣ። በአንድ እጁ፣ ማንጎ እንደሚመርጥ ሰው እያገላበጠ ነበር የያዘው። የእኔን አሮጌ ግማሽ አይሆንም።

“ትንሽ ነው ብለህ እንዳትንቀው” አለኝ። “ውስጡ ሌላ ማርሽ አለው። ወላሂ፣ ይሄን ገጥመህ ቁልፉን ነካ ብታደርግ መኪናህ ብቻ ሳትሆን ጎረቤትህም ይነሣል።”

ገዛሁት። መግዛት ሌላ፣ መግጠም ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ጋሽ ታዬ ጉዳዩን የሰሙ ጊዜ ነው። ጋሽ ታዬ የጭሮን ግማሽ ሕዝብ ፊዚክስ ያስተማሩ፣ እኔን ደግሞ ሁለት ጊዜ የጣሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ካርቶኑን ከፍቼ ባሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ። እንደ እርሳቸው አባባል፣ ከፋብሪካ በወጣ ዕቃዋ የምትሄድ አሮጌ መኪና ቅርስ ናት። አንድ ዕቃዋ የተቀየረ ዕለት ግን በቃ፣ አሮጌ መኪና ብቻ ነች።

“ሰው ሸምግሎ ጉልበቱ ቢደክም ጉልበት ይቀየርለታል እንዴ?” ሲሉ ጠየቁ።

ጃፈር፣ አሁን አዲስ አበባ እየቀየሩ ነው ብሎ መለሰላቸው።

እንግዲህ እኔ በሁለቱ መሐል ሆኜ መመዘን ጀመርኩ። ስመዝን ማንም አይችለኝም። ስለ አንድ ሞተሪኖ ወራት ሙሉ አስበሃል የሚለኝ ሰው ካለ፣ እኔ አሳቢ ነኝ። አዲሱን ብገጥመው የትም አቁሜ የትም እነሣለሁ። አንድ የተመሰገነ የጥርስ ሐኪምም አገኛለሁ። ግን ደግሞ የማይነሣ መኪና ስንት ጥቅም እንዳለው ባለቤቱ ካልሆነ ማን ያውቃል? ሌባ አይደፍረውም። “እስቲ ለግማሽ ቀን አውሰኝ” የሚል ዘመድ አይመጣበትም። ሰውንም ያስለያል፤ መኪናዬ ቆማ ሲያይ ድንገት ስልክ የሚደወልለት ወዳጅ ስንት እንዳለኝ በዚህች መኪና ነው ያወቅኩት። ስልኩ ሳይጠራ “ሃሎ” እያለ ያልፋል።

ባለቤቴ አልማዝ ግን ምዘና አልፈለገችም። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ለቤተ ክርስቲያን ወጥታ ስትገፋ ያረፈደች ሴት፣ በሞተሪኖ ጉዳይ ሁለት ሐሳብ አይኖራትም። ካርቶኑን ብፌው ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ሁለቱንም እንዳያቸው።

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ የቢንያም ጉዳይ መጣ። ቢንያም የእህቴ ልጅ ነው፤ እኛ ቤት ያደገ፣ አሁን መድኃኒት ቤት የሚሠራ። ሲፈን ከምትባል አስተማሪ ጋር ለመጋባት ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀረው ወላጆቿን መጠየቅ ነው። ወላጆቿ ያሉት ቦርደዴ ነው። ሽማግሌ ተመረጠ፤ ጋሽ ታዬ ለንግግር፣ እኔ ለአጎትነት፣ ጃፈር ደግሞ ኦሮምኛው እንደ ማር ስለሆነና ጭሮ ውስጥ እሱ የገባበት ሽምግልና ከሽፎ ስለማያውቅ። ይህ የእሱ አባባል ነው። መኪናው የእኔ።

አልማዝ ወይ አዲሱን ግጠም፣ ወይ ሚኒባስ ተከራይ አለችኝ። እኔ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። መካኒክ አብሮኝ እየሄደ ሞተሪኖ ምን ያደርግልኛል? ቅዳሜ ጠዋት ከደጃችን ተንደርድረን ወጣን።

ከጭሮ እስከ ሚኤሶ መንገዱ እየወረደ እየወረደ ስለሚሄድ ሞተሩን የከፈትኩት ለጨዋነት ያህል ነው ማለት ይቻላል። ጋሽ ታዬ ከአጠገቤ ሆነው ንግግራቸውን እያጠኑ፣ ጃፈር ከኋላ ነጭ ልብሱ እንዳይጨማደድ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በደስታ ወረድን። ሙቀቱ ከሚኤሶ በኋላ መጣ። አሰቦትን አልፈን ቦርደዴ ስንገባ ጃፈር ከኋላ አንገቱን አሰገገና የት ልታቆማት ነው አለኝ።

ዙሪያውን አየሁ። ቦርደዴን ሁልጊዜ የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ሳልፍ ነው፤ እንደዚህ መሆኗን ልብ ብዬ አላውቅም። ሜዳ ነው። ውሃ ቢደፉበት ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ባለበት የሚደርቅ ሜዳ። ለመኪና ቀርቶ ለኳስ የሚሆን ቁልቁለት የለም። የሲፈን አባት አቶ ገመቹ ደግሞ ክብራችንን ጠብቀው የግቢያቸውን ሰፊ የቆርቆሮ በር ወለል አድርገው ከፍተው ይጠብቁናል። ገባሁ። አዞርኩና አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጌ አቆምኳት። ሞተሩን ሳጠፋ ጃፈር ዓይኑን ጨፈነ።

ሽምግልናው ያማረ ነበር። በሥርዓታችን ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ስለዚህ ቆመን፣ ጋሽ ታዬ ተናገሩ፣ ጃፈር በኦሮምኛ አሳመረው፣ እኔ በአጎትነት ራሴን ነቀነቅሁ። አቶ ገመቹ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ያሳለፉ፣ ቁመታቸው እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። በጥሞና ሰሙን። ልጁ ጫት ይቅማል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ጃፈር አልፎ አልፎ ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ አክብራችሁ መጥታችኋል፣ ልጁን ግን አናውቀውም፣ በደሳ ያሉ ወንድሞቼንም መጠየቅ አለብኝ፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉን። ይህ ደንብ ነው። ባንድ ጊዜ እሺ የሚል አባት ልጁን የጠላ ነው የሚመስለው። እኛም እጅ ነሥተን ወጣን። ከጓዳ የሚመጣው የዶሮ ወጥ ሽታ እስከ ደጅ ሸኘን።

ቤተሰቡም በሥርዓቱ ወጣ። እናትየዋ ወይዘሮ በላይነሽ፣ ሁለት ጠና ጠና ያሉ ወንዶች ልጆች፣ አቶ ገመቹ። መኪናው ውስጥ ገባን፤ እጃችንን አውለበለብን፤ ቁልፉን አዞርኩ።

ጠቅ።

ፈገግ አልኩና በመስኮቱ በኩል ስለ ከብቶቻቸው ጤና ጠየቅኳቸው። ደህና ናቸው አሉ። ተሰናበትን። ጠቅ። ስለ ዝናቡ ጠየቅኳቸው። ዘንድሮ ዘግይቷል አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ተሰናበትን። በአራተኛው ስንብት ላይ አቶ ገመቹ እጃቸውን ማውለብለብ ትተው ኪሳቸው ከተቱት።

ወደ ጃፈር ዞርኩ። ውረድና አንድ ነገር አድርግ አልኩት በሹክሹክታ።

“እኔ ዛሬ ሽማግሌ ነኝ” አለኝ፣ እጁን ነጭ ልብሱ ላይ አነባብሮ። “መካኒክ የምትፈልግ ከሆነ ሰኞ ጋራዥ ና።”

ስለዚህ እኔው ወረድኩ። እንዲህ ያለ ሞተሪኖ አንዳንዴ ከሥር በድንጋይ ሲቀጠቅጡት ይነቃል። ጋሽ ታዬን ቁልፉን እንዲያዞሩልኝ ነግሬ፣ ድንጋይ ይዤ፣ ጋቢዬን እንደለበስኩ ከመኪናው ሥር ገባሁ። እኔ “አሁን” ስል ጋሽ ታዬ መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሡ፣ ቀጥሎ ጥሩንባውን። ቁልፉን ሲያገኙት እኔ ጣቴን ቀጥቅጬ ጨርሻለሁ። ስወጣ ከፊት ሲያዩኝ ሽማግሌ ነኝ፣ ከኋላ ሲያዩኝ ከሰል ነጋዴ።

የቀረው መግፋት ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ይህን ተረድተው እጅጌያቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ አቶ ገመቹ በዓይናቸው አቆሟቸው። ወደ መስኮቱ መጡና ዝቅ ብለው እንዲህ አሉ፦

“እንዳትቀየሙኝ። ዛሬ ሽማግሌ እንደመጣብኝ ቦርደዴ በሙሉ ያውቃል፤ ግቢዬም ከመንገድ ይታያል። እኔና ልጆቼ ተሰልፈን እናንተን በትከሻችን ከበር ስናስወጣ ሰው ካየ፣ ምን ብዬ አስረዳለሁ? ገና ሁለት ያልተጠየቁ ሴቶች ልጆች አሉኝ። ከዚህ በኋላ ማን ሽማግሌ ይልካል?”

እውነታቸውን ነው። እኛስ ብንሆን? በሁለት ሳምንት ተመለሱ የተባለ ሽማግሌ በሁለት ደቂቃ ተመልሶ እርዱኝ ቢል ለልመና የመጣ ይመስላል። ጎረቤት ጠርተን ብናስገፋ የአቶ ገመቹ ስም ነው የሚጠፋው። ግቢው ውስጥ እንዳለን ብንቆይ ደግሞ፣ ካልሰጣችሁን አንነቃነቅም ብለን አድመን የተቀመጥን እንመስላለን፤ ያን ዕለት የቢንያም ነገር አበቃ ማለት ነው። እኔ አጎቱ፣ በአንድ ብፌ ላይ በተቀመጠ ካርቶን ምክንያት የልጁን ትዳር አፈረስኩ ማለት ነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ፀሐዩ የመኪናዋን ጣሪያ ምጣድ አደረገው። እኛ ውስጥ ቁጭ ብለን እንቀቀላለን፤ እነሱ ደግሞ እንግዳ ሳይሄድ ወደ ቤት አይገባምና ውጭ ቆመው ይጠበሳሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ውሃ አመጡልን። መልስ አላገኘንምና አልጠጣንም። ጋሽ ታዬ ነገሩ የሰበቃ ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት ጀመሩ። ጃፈርም “ጋሽ ታዬ፣ ምነው ይህን ትምህርት ጥላ ሥር በሰማነው ኖሮ” አላቸው።

አንድ ሰዓት ያህል እንደዚህ ከቆየን በኋላ ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉ።

“አንተ ገመቹ” አሉ። “ልጅቷ ልጁን ወዳዋለች፤ ሰዎቹም ጨዋ ናቸው፤ በጥም እየሞቱ እንኳ ሥርዓት አላፈረሱም። ለዘመድ መኪና መግፋት ነውር አይደለም። እሺ በልና ግፋ።”

አቶ ገመቹ ፀሐይዋን አዩ። እኛን አዩ። ልጆቻቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ አሰቡ፤ የባቡር ሰው ሳያይ ሐዲድ አይቀይርም።

“እሺ” አሉ። “ሰጥቻለሁ። በሉ፣ ልጆች።”

ሁለቱ ወንድማማቾች ለአንድ ሰዓት የታፈነ ጉልበታቸውን ለቀቁት። እልልታው ቀለጠ። መኪናዋ ከበሩ ሳትደርስ በሁለተኛ ማርሽ ተንዘፍዝፋ፣ ጭስ ተፍታ ተነሣች።

አሁን ሌላ ጣጣ። መልስ ያገኘ ሽማግሌ መቀመጥ፣ መብላት፣ መመረቅ አለበት። ሳይመርቁ መሄድ ከእምቢታ የከፋ ነው። የእኔ መኪና ደግሞ ነዳጅ ካልረገጡላት ትጠፋለች፤ በዚያ ሙቀት ቆማ ከረገጡላት ደግሞ ትግላለች። ስለዚህ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ጋሽ ታዬ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው መረቁ። “ውለዱ፣ ክበዱ” የሚለውን በበረቱ በኩል፣ “ከክፉ ይጠብቃችሁ” የሚለውን በጓዳው በኩል፣ “አንድ ልብ ያርጋችሁ” የሚለውን ውሻ እያባረርን ጨረሱት። ቤተሰቡ መሐል ላይ ቆሞ እኛን እየተከተለ እየዞረ አሜን ይላል። ወይዘሮ በላይነሽ በሁለተኛው ዙር እንጀራ በዶሮ ጠቅልለው አጎረሱኝ፤ በሦስተኛው ዙር ለጃፈር ለብቻው ያዘጋጁትን ዳቦና ሙዝ አቀበሉት። በሰው ቤት እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም።

በአራተኛው ዙር አቶ ገመቹ ከአጠገባችን እየሮጡ መጡ።

“አቁም” አሉኝ። “ልጁን ሳላይ እሺ አልኩ። ሄጄ አየዋለሁ።”

ማቆም አልችልም፣ እየሄደች ይግቡ አልኳቸው። ጋሽ ታዬ በሩን ከፍተው ወደ እኔ ተጠጉ፤ አቶ ገመቹም በነጠላ ጫማቸው ሁለት ሦስቴ ዘለው ገቡ። እንግዲህ ሴት ልጅ ልንጠይቅ ሄደን አባቷን ይዘን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር የጋሽ ታዬን ጉልበት ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው።

በመንገድ ላይ እንደ ልማዴ ስለ ቢንያም ጸባይ ማጋነን ስጀምር አቶ ገመቹ በእጃቸው አስቆሙኝ፤ በዓይናቸው ነው የሚፈርዱት። ጃፈር ከኋላ ስልኩን አወጣ። እሳቸው ሳይዞሩ፣ እንዳትደውል አሉት። በሰጡት አፋቸው ሊነሡን እንደሚችሉ ሦስታችንም ገባን። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጭሮ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣት ወንድ የት እንደሚሆን፣ ጉንጩም ምን እንደሚመስል ለማንም የተሰወረ አይደለም። እኛም “አልፎ አልፎ” ብለናል። የጃፈር ከንፈር ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አየሁ፤ ዱዓ እያደረገ ነበር። ሽቅቡን ስንወጣ መኪናዋ እንዳትጠፋ ነው ወይስ ልጁ ደጅ እንዳይገኝ፣ አልጠየቅኩትም።

ቤቴ ደጅ ስንደርስ ጥሩንባ ነፋሁ፤ ያለመታከት የሚሠራው ዕቃዬ እሱ ነው። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። የግቢው በር ተበርግዶ ቢንያም እየሮጠ ወጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ድንጋይ ይዟል። ማን እንዳለ ቀና ብሎ ሳያይ ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር ሰነቀረ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ ሁለት እጁን አስደግፎ ጭንቅላቱን ደፋ።

“ወደ ላይ ነው ወደ ታች፣ ጋሼ?” ሲል ጠየቀ።

ጉንጩ ባዶ ነበር። አቶ ገመቹ ወረዱ፤ በነጠላ ጫማቸው ቀስ ብለው ዞረው ከልጁ ራስጌ ቆሙ።

“ይሄ ነው?” አሉኝ።

“ይሄ ነው።”

ቢንያም ቀና ሲል ከሲፈን ስልክ ላይ በፎቶ የሚያውቃቸውን ሰው አየ። አፉ ተከፈተ። እጁን ግን ከመኪናው አላነሣም።

“ይችን መኪና ስንት ዓመት ገፋህ?”

“ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው፣ አባባ።”

“አንድ ቀን እምቢ ብለህ ታውቃለህ?”

ቢንያም እኔን አየ፣ መልሶ እሳቸውን አየ። “እምቢ ማለት ይቻል ነበር እንዴ?” አለ።

አቶ ገመቹ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉና ይዘውት ወደ ግቢ ሊገቡ ሲሉ፣ ጃፈር አጋጣሚው ሳያመልጠው ሰኞ አዲሱን ሞተሪኖ እንደሚገጥምና ሙሽራዋ በቁልፍ በምትነሣ መኪና እንደምትሄድ ቃል ገባላቸው።

“የለም” አሉ አቶ ገመቹ። “እስከ ሠርጉ ድረስ እንዳትነካው። ልጄ እልኸኛ ናት፤ ልጁ ልምምዱን አያቋርጥ።”

ካርቶኑ አሁንም ብፌው ላይ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቀኑን ከሙሽሮቹ ይልቅ የምትቆጥረው አልማዝ ናት።